ማሽላ ያልዘራንበት ክረምት

ከዩኒቨርሲቲ መጣ የተባለው ሰውዬ ወደ መንደራችን የገባ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅኩት ገንዲ ያክም እንደሆነ ነው። ዶክተር ነው ስላሉኝ።

«አላክምም አባባ፤ አጠናለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ልማትን፣ ግጭትንና ሰላምን። በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ።»

ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ አንዱን በሬዬን ከገደለው ገና ዓመት አልሞላውም። በሬ የማያክም ዶክተር ምን ይጠቅመኛል ብዬ ትቼው ወደ እርሻዬ ሄድኩ። እንደተውኩት ብቀር ኖሮ ማሽላችንን በጊዜው እንዘራ ነበር።

ያን ጊዜ ክልል የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነው። አሶሳ በሄድኩ ቁጥር አንድ ቢሮ ተጨምሮ አገኛለሁ። ትናንት አህያ አስሬበት የነበረ ቦታ ዛሬ ሰሌዳ ተተክሎበታል። አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ የግብርና ሠራተኛው ከየአገሩ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። እኛ ደግሞ የወሎ ሰዎች ነን፤ በድርቁ ጊዜ ደርግ ጭኖ ያመጣን። እኔን ያመጣኝ በአውሮፕላን ነው። በዕድሜዬ በቅሎ ተቀምጬ አላውቅም፤ አውሮፕላን ግን ተቀመጥኩ። መንደራችን ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። እዚያ ቁጥር ውስጥ ልጅ ወልደን፣ ጎጆ ቀልሰን፣ መስጊድ ሠርተን ስንኖር ክልሉ መጣ። ክልሉ ሲመጣ ሰው ሁሉ በሆዱ አንድ ጥያቄ ያዘ፤ ማነው ባለቤት፣ ማነው እንግዳ? ጮክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብቻ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲልህ ከዱሮው ረዘም አድርጎ ያይሃል።

ጎረቤቴ የበርታ ሰው ነው። ቤቱ ከወንዟ ማዶ ነው፤ ወንዝ ስላት በበጋ ድመት የምትሻገራት ናት። ሦስት ቋንቋ ያውቃል፤ የራሱን፣ ዓረብኛና አማርኛ። እኔ የማውቀው አንድ ነው። ያም ሆኖ በአማርኛው የምስቀው እኔ ነኝ፤ ሴቷን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ስለሚያደርግ።

«ሳቅ፣ ሳቅ» ይለኛል። «አንተ በኔ ቋንቋ ውሃ መለመን አታውቅም። ጥም ይገድልሃል።»

እነሱ ዱሮ በመቆፈሪያ ነው የሚያርሱት። እኔ በሬ ጠምጄ ያየኝ ጊዜ ወንዟ ዳር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሳቀብኝ፤ አንድ ሰው ሁለት ከብት እየለመነ ይሄዳል ብሎ። በዓመቱ ወይፈን ገዝቶ መጣ። እኔ ነኝ ያቀናሁለት። ሁለት ጊዜ አጥር ውስጥ ጥሎኛል ያ ወይፈን፤ ጎረቤቴ ያን ጊዜም ሳቀ። ኋላ ዳለቻ በሬ ወጣው፣ የሚያኮራ።

ገንዲ ከኔ ሁለት በሬ አንዱን ሲወስድብኝ ቡሬው ብቻ ቀረኝ። እሱም ዳለቻው ብቻ ነው ያለው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች ምን ያደርጋሉ? መቀናጆ ነዋ። በሬዎቻችንን በአንድ ቀንበር አገናኘን። ቀንበሩ፣ ሞፈሩና ማረሻው የኔ ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ፣ የሱ ነው፤ ራሱ ፍቆ፣ ራሱ ገምዶ፣ በሰሊጥ ዘይት አሽቶ ያለሰለሰው። እንደዚያ ያለ ምራን ወሎም አላየሁ። መሬቱም የሱ ነው፤ ከወንዟ ማዶ የአባቱ ጠፍ መሬት ነበር፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ። እኔ ድንጋዩን ለቀምኩ፣ እሱ ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ አብረን አረስን፣ አብረን ዘራን፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ወረቀት የሚባል በመሃላችን አልነበረም። ማን ያነበዋል?

እንግዲህ አጥኚው ወደዚህ መሃል ነው የገባው።

ግንቦት ነው። ማሳውን ሁለቴ አርሰነዋል፤ አንድ እርሻ ይቀረዋል፣ ከዚያ ማሽላ ይዘራል። ረፋዱ ላይ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አቁመን በጎረቤቴ ማንጎ ሥር ሰሌን ላይ አረፍ ብለናል። ሌላም ሦስት አራት ሰው ነበር። አጥኚው ደብተሩን ይዞ መጣ። ቀጭን ነው፣ ትሁት ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው ሰሌኑ ላይ የተቀመጠው፣ እሱን ወደድኩለት።

«በእናንተ መካከል ምን ዓይነት ግጭት አለ?» ብሎ ጀመረ።

«የለም» አልኩ።

«ከዚህ በፊትስ?»

«የለም» አለ ጎረቤቴ።

ልጁ ቅር አለው። ያን ሁሉ መንገድ ለፍቶ መጥቶ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው። ጎረቤቴ ርኅሩኅ ነው፤ አዘነለትና «ቅዳሜ ገበያ ሂድ» አለው። «እዚያ ጠብ አይጠፋም። ፍየል ያለበት ጠብ አለ።»

አጥኚው ሳቀና ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ። ወደ እኔ እያየ «አባባ፣ የሚያርሱት መሬት የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነዋ» አልኩት።

እንዴት እንዳልኩት እኔም አላውቅም። በኛ አገር የሚያርስ ሰው «መሬቴ» ይላል፣ የእኩልም ቢሆን፣ የሲሶም ቢሆን። እንግዳ የተኛበትን መደብ «መደቤ» እንደሚለው ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ሌላም አለ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አሶሳ አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ጸሐፊ «ሰፋሪ ነዎት?» ብሎ ሁለቴ ጠይቆኛል፤ አንዴ ስመልስለት እንዳልሰማ ሆኖ። ያ ንዴት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። ልጁ «የማን ነው?» ሲለኝ ያው ጸሐፊ መስሎኝ ተፋሁበት።

እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል።

ጎረቤቴ «ምን ጻፈ?» አለ።

«እሳቸው ያሉትን» አለ አጥኚው።

«በእርሳስ ነው፣ በእስክሪብቶ?»

«በእስክሪብቶ።»

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ።

ተነሣ። ወደ በሬዎቹ ሄደ፤ ዳለቻውን ከማነቆው አወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ምራኑን ፈታ። ጠቀለለው፤ ትከሻው ላይ አደረገው፤ በሬውን እየነዳ ወደ ግቢው ገባ። ቡሬው ቀንበሩን በአንድ ጎን ተሸክሞ ያየኛል። ሰዎቹ ደግሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቡሬውን ያያሉ።

ይቅርታ ልጠይቀው እችል ነበር። ወንዟ ድመት የምትሻገራት ናት ብያለሁ። ግን እኔ ሰው ሲያየኝ እግሬ አይንቀሳቀስም፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። «ይቅር፣ ነገ ይመጣል» አልኩ። ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣ።

ሚስቶቻችን ግን ጠቡን አልተቀበሉትም። የሱ ሚስት ባሚያ ይዛ እኔ ቤት ትመጣለች፣ የኔ ሚስት በርበሬ ይዛ እሱ ቤት ትሄዳለች።

«የት ትሄጃለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጎረቤት።»

«እኔና እሱ እኮ ተኳርፈናል።»

«እኔ አላኮረፍኩ» አለችና ሄደች።

የሰውየውን ሆድ የሰማሁት በሷ በኩል ነው። ንዴት ብቻ አይደለም የያዘው፤ ፍርሃት ነው። «ወረቀቱ ቢሮ ይገባል» ብሏል ለሚስቱ። «አሁን ቢሮ ብዙ ነው። የገባ ወረቀት መቼ እንደሚወጣ፣ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አይታወቅም። እኔ ስሞት ልጆቼ ‹መሬቱ የሰውየው ነው፣ ተጽፏል› ይባላሉ።» ልክ ነው ሰውየው። ግን ልክ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ወንዝ መሻገር ሌላ ነገር።

ዓርብ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ሆነ። መስጊዳችን አንድ ነው፤ እሱም የሚሰግደው እኛው ዘንድ ነው። በጊዜ አልሄድኩምና ሰልፉ ሞልቶ ክፍት ቦታ ያገኘሁት የት ነው? እሱ ጎን። ሶላቱ ሲያልቅ ፊትህን ወደ ቀኝ አዙረህ ሰላምታ ማለት ግዴታ ነው። አዞርኩ፤ እሱ አለ። «አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ» አልኩ፣ ለመላእክቱም ለሱም። እሱም ተራው ሲደርስ ወደ ግራ፣ ወደ እኔ፣ እንደዚያው አለ። ወጥተን ጫማችንን ስናደርግ ግን አልተነጋገርንም። ኢማሙ ያየናል።

«ሰላም ስትባባሉ ሰማሁ» አለኝ ኢማሙ።

«ሶላት ውስጥ ያለው አይቆጠርም» አልኩት።

«ከሦስት ቀን በላይ ኩርፊያ እንደማይፈቀድ ታውቃለህ።»

«የጀመረው እሱ ነው።»

«ማን ጀመረው ብዬ አልጠየቅኩህም» አለና በትሩን ይዞ ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ቀን እልሄ ከልቦናዬ በለጠ። ከወንዟ ወዲህ ባለችው ጓሮዬ ላይ አህያዬን ከቡሬው ጋር ጠመድኩ። ምራን የለኝምና በገመድ አሰርኩት። ሰው በሬ ሲያጣ አህያ ጠምዶ ያርሳል፣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን አህያውም መለማመድ አለበት፣ በሬውም ፈቃደኛ መሆን አለበት። የኔ አህያ ለገበያ እንጂ ለእርሻ አልተፈጠረም። «ሃ!» ስል እሱ ሮጠ፣ ቡሬው ቆመ፣ ቀንበሩ ተጣመመ። እንደገና አስተካክዬ «ሃ!» አልኩ። አህያው ጮኸ። ቡሬው ይህን ሲሰማ ትልሙ ውስጥ ተኛ። በሬ በሥራ መሃል ሲተኛ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ሽማግሌ ስብሰባ ላይ እንደሚያንቀላፋ ነው፣ ብታነሣውም አይሰማህም።

ቀና ስል ጎረቤቴ ማዶ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። የሳቀችው ሚስቱ ናት። ከወንዝ ውሃ ቀድታ እየመጣች ነው። የነሱ ሴቶች ሸክም በጀርባ አይሸከሙም፤ ዘንግ ትከሻቸው ላይ ያደርጉና ከፊትና ከኋላ ያንጠለጥሉበታል፤ አንዱ ጎን ከቀለለ ድንጋይ ይጨምሩበታል፣ እኩል እንዲሆን። ዘንጓን ሳታወርድ ቆመችና አየችን።

«ይሄ ወገን በሬ ነው» አለች። «ይሄ ወገን አህያ ነው። መሃል ያለው ምንድነው?»

በዚህ ላይ አጥኚው ካሜራውን ይዞ መጣ። አሳዛኝ ሰው ነው፣ ነገር በማይመች ሰዓት ነው የሚደርሰው።

«አባባ፣ ይህ የአካባቢው ልማድ ነው?»

«አዎ» አልኩት ከንዴቴ ብዛት።

«ከጥንት የመጣ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ይህንንም ጻፈው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያው ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መሃል ነው ፍራሹን የዘረጋው። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነገሬን አልኩት።

«እዚያ ደብተር ውስጥ አንድ ቃል አለችኝ። አውጣልኝ።»

የትኛዋን እንደሆነ ወዲያው ገባው። «አባባ፣ መረጃ ነው። መረጃ አይሰረዝም።»

«ከማን አፍ ነው የወጣችው?»

«ከእርስዎ።»

«እንግዲህ የኔን ስጠኝ።»

«አንዴ ከተጻፈ በኋላ የጥናቱ ነው የሚሆነው።»

«አየህ» አልኩት፣ «ድንጋይ የለቀምኩት እኔ ‹የኔ› ብል ጠብ ሆነ። አንተ አንድ ድንጋይ ሳታነሣ ቃሌን ‹የኔ› አልከው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና ራሱን በእጁ ያዘ። ወረቀቱ የትም ቢሮ እንደማይገባ፣ ስማችን እንኳ እንደሌለበት፣ ሰው ሁሉ በቁጥር እንደተጻፈ አስረዳኝ። መንደሬ ቁጥር፣ እኔም ቁጥር። ይህን ለጎረቤቴ ንገረው አልኩት። እሱ ግን በነገሩ ጣልቃ መግባት እንደማይፈቀድለት ነገረኝ፤ አጥኚ ያያል እንጂ አይነካም አለኝ።

ምሳና እራት እኛ ቤት ነበር የሚበላው። ያን ዕለት እንጀራውን ስታቀርብለት ሚስቴ «ጣልቃ አልገባም አልክ አሉ» አለችው።

«ሥርዓቱ ነው እናቴ።»

«ስታጣላ ሥርዓቱ የት ሄዶ ነበር? ብላ።»

በልቶ ሲጨርስ ጫማውን አድርጎ ወንዟን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ሲመላለስ ነው የከረመው። ወዲያ ሲሄድ ገንፎ ያበሉታል፣ ወዲህ ሲመጣ እንጀራ እናበላዋለን፤ ያ ቀጭን ሰው በኛ ጠብ ሰውነት አወጣ። ጎረቤቴ ቢሮ አይገባም የተባለውን አላመነም። የሚፈልገው ሌላ ነው። «በዚያው ሰሌን፣ በዚያው ማንጎ፣ በዚያው ደብተር ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀው» ብሏል። «ሰው ፊት የወጣ ቃል ሰው ፊት ነው የሚመለስ። ቤት ለቤት አይሆንም።»

«ልጅ ነኝ እንዴ፣ ትምህርቴን እንደገና የምደግም?» አልኩ። ላልሄድም ቆረጥኩ።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ሰኔ ሲገባ እዚህ አገር ሰማዩ ውሃውን በድርጎ አይሰጥም፣ ያፈሰዋል። ማሳችን ሁለቴ ታርሶ የተተወ ነው፣ ሣሩ መልሶ ያዘው። ሰው ሁሉ ማሽላውን ዘርቶ አረም ይጠብቃል። የኔና የጎረቤቴ ዘር በየቤታችን በየስልቻችን ተቀምጧል። ልጅ ያለው ሰው ስልቻ ባየ ቁጥር የልጆቹን አፍ ይቆጥራል፤ የሱ አምስት ናቸው፣ የኔ አራት። ቡሬው ደግሞ የኔን ክብር የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ጠዋት በረቱን ስከፍት ወደ ግጦሽ ልንዳው ስል ቀጥ ብሎ ወደ ወንዟ ይሄዳል፤ ዳር ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ያገሳል፤ ዳለቻውም ከበረቱ ውስጥ ይመልስለታል። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን አየሁ። በአራተኛው ቡሬው ተሻገረ። ልመልሰው ተከተልኩት። ድንጋይ ላይ ረግጬ ነው የተሻገርኩት፤ እግሬ እንኳ አልራሰም።

ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ ነው። እኔ አላየሁትም፣ እሱም አላየኝም።

«ይሄ በሬ ምን ፈልጎ ነው?» አለ ለበሬው።

«ባልንጀራውን ነው» አልኩ፣ እኔም ለበሬው።

«ባለቤቱስ?»

«ባለቤቱ ሰሌኑን አንጥፉ ብሏል።»

ሰሌኑ ተነጠፈ። ያኔ የነበሩት ሰዎች ተጠሩ፤ ያልተጠሩም መጡ፤ ኢማሙም ድንገት በዚያ ሲያልፍ ነበር። አጥኚው ደብተሩን አመጣና ያንኑ ገጽ ገለጠ። እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤት ያስተማሩት አይመስለኝም።

«አባባ» አለ፣ «የሚያርሱት መሬት የማን ነው?»

ይህች ቀላል ጥያቄ ናት። መልሷንም አውቀዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ያየኛል። ጎረቤቴ ሰሌኑ ላይ የምትሄድ ጉንዳን እያየ ነው።

«የሱ ነው» አልኩ። «የአባቱ ነው። እኔ አርሳለሁ እንጂ የኔ አይደለም። ያን ቀን ‹የእኔ› ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ጻፈው። እኔ ይኸው አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ጎረቤቴ እጁን አነሣ።

«ይነበብልኝ።»

አጥኚው ሊያነብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ አይደለህም» አለው። ደብተሩን ከእጁ ወሰደና ለኔ ሰጠኝ። «እሱ ያንብብ።»

እሱ ቁርኣን ይቀራል፣ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቅም። እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ በፋኖስ፣ ካረጀሁ በኋላ፤ የሰው የእጅ ጽሕፈት ሲሆን ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። ደብተሩን አራቅኩት፣ አቀረብኩት። መነጽር አልነበረኝም። አንዱን ቃል ለማውጣት ግንባሬ ላበ። «መ... ሬ... ቱ... የ... ሱ...» አንዱ ከኋላ ሊያግዘኝ ሲል ጎረቤቴ «ተወው» አለ። «ራሱ ይወጣው።»

ተወጣሁት። ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

«አሁን የላይኛውን» አለኝ ጎረቤቴ። «የዚያን ቀኑን።»

ይህን አላሰብኩትም። የላይኛዋ አጭር ናት፤ አንድ ቃል ናት፤ ፊደሉን ሳልቆጥር ነው ያወቅኳት። ደብተሩ የተያዘው በኔ እጅ ነው። «ተሰርዟል» ብለው፣ ወይም «የሱ» ብዬ ባነበው፣ በምን ያውቃል? አጥኚው ይሉኝታ ይዞት ዝም ይል ይሆናል። ይህ ሁሉ በልቤ አለፈ፤ እሱም እንዳለፈ ያወቀ ይመስለኛል፣ ዓይኑን ከኔ አልነቀለም።

«‹የእኔ› ይላል» አልኩት።

«አልተሰረዘም?»

«አልተሰረዘም። መረጃ አይሰረዝም አለኝ፤ ለምኜው ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ተማም፣ ደህና ነው» አለ። «ከላይ ውሸት፣ ከታች እውነት። ይቀመጥ። ያነበበ ሰው ወደ ታች ይወርዳል።» ከዚያ ወደ አጥኚው ዞሮ «አንድ ነገር ጨምርበት» አለው። «ቡሬው ሰነፍ ነው ብለህ ጻፍ።»

«ኧረ አይጻፍም» አልኩ።

«ጻፍ። ትልም ውስጥ ተኝቷል። አይቻለሁ። አንተም በካሜራ አይተሃል።»

«አህያ ስለጠመድኩበት ነው!»

«ማን ጥመድ አለህ? ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ በሬ የሚያሳፍር ሰው የት አለ?»

ኢማሙ ሳይቀር ሳቀ። አጥኚው የማንን እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሱ ያዞራል። በመጨረሻ ጻፈው፤ አረጋግጫለሁ፣ ያንንም አንብቤያለሁ። ቡሬዬ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሰነፍ ተብሎ ቀረ።

ጎረቤቴ ወደ ቤት ገባና ምራኑን ይዞ ወጣ። አልደረቀም። ምራን አንድ ወር ያለ ዘይት ቢቀመጥ እንደ እንጨት ይሆናል፤ ይህ ግን እንደ ቅቤ ለስልሷል። እኔን እንዳኮረፈ በየቀኑ ሲያሸው ከርሟል ማለት ነው። በሬዎቹን ጠመድን። ቡሬውና ዳለቻው አንገት ለአንገት ተሻሹ፤ ሁለቱም «ሃ» ሳልላቸው ሄዱ።

ማሽላው ግን አልፎናል። የኛ ማሽላ ወራቱን ይፈልጋል፤ ሰኔ ተጋምሶ ከዘራኸው ውርጭ ሳይሆን ወፍ ነው የሚበላልህ፣ የሰው ሁሉ ታጭዶ ያንተ ብቻ ስለሚቀር። ተመካከርንና ኑግ ዘራን። ኑግ ችኩል ነው፣ አይቀየምም። ልጆቻችን ያን ዓመት ገንፎውንም ቂጣውንም ከጓሮ በለቀምነው በቆሎ በሉ፤ ኑጉን ሸጠን ደግሞ የጎደለውን ማሽላ ከገበያ ገዛን። እኛ ነን የማሽላ ሰዎች፣ ማሽላ ከሰው የገዛን።

አጥኚው ሥራውን ጨርሶ ሄዶ ነበር፤ በጥቅምት ሊሰናበተን ተመለሰ። ማሳው ቢጫ ሆኗል፤ አበባ ከዳር እስከ ዳር። ወንዟ ዳር ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ዘንድሮ ኑግ ዘራችሁ?»

«ዘራን» አልነው።

«ለገበያ የሚሆን ሰብል ነው። ከማሽላ ወደ ኑግ መለወጥ ትልቅ ልማት ነው» ብሎ ደብተሩን አወጣ። «ሐሳቡ ከየት መጣላችሁ?»

ጎረቤቴ አየኝ። እኔ ደግሞ ወደ አበባው አየሁ።

«ከሱ ነው» አለው፣ በጣቱ እኔን እያሳየ። «እሱ ነው ያመጣው። ብዙ ደክሞበታል።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በአክብሮት እጄን ጨበጠኝ። ጻፈውም። ከዚያ ደብተሩን ሊከድን ሲል አንድ የቀረው ነገር ትዝ አለውና ያችን የመጀመሪያዋን ጥያቄ መልሶ አመጣት፤ አሁንስ በመካከላችሁ ግጭት አለ ወይ አለን።

«ነበረ» አለ ጎረቤቴ። «አንተ ሄድክ፣ አለቀ። ና ግባ፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።»